ለጠላቷ ያለቀሰች ከተማ

አቴንስን በጉልበት ይዞ ይገዛ የነበረው ፒሲስትራቶስ የባላባቶቹን ኃይል ለመስበር የገጠሩን ሰው መደገፊያው አደረገ። የገጠሩ ሰው አጥብቆ ከሚያከብራቸው አማልክት አንዱ ደግሞ ዲዮኒሶስ ነበር፤ የወይን፣ የስካርና ከራስ የመውጣት አምላክ። የዲዮኒሶስ በዓል በከተማዋ እምብርት በታላቅ ድምቀት መከበር የጀመረው በዚህ ገዥ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ጊዜው ማዕበሉ አርፎ መርከቦች ጉዞ የሚጀምሩበት ወቅት፣ በእኛ መጋቢት ግድም ነው። በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለሆኑ ወደ ታች ይቆጠራሉ።

በበዓሉ ላይ መዘምራን ክብ ሠርተው፣ አውሎስ በሚባል ጥንድ ዋሽንት ታጅበው፣ እየጨፈሩ ዲቲራምብ የተባለውን ረጅም መዝሙር ያሰሙ ነበር። መዝሙሩ ታሪክ ይተርካል፤ ጀግናው እንዲህ አደረገ፣ እንዲህ ተናገረ፣ እንዲህ ሞተ እያለ። የጥንት ጸሐፊዎች እንደሚሉት በ534 ግድም ቴስፒስ የተባለ የኢካሪያ መንደር ሰው ከመዘምራኑ ተለይቶ ወጣ። ፊቱን ሸፈነ። «ንጉሡ እንዲህ አለ» ማለቱን ትቶ ራሱ ንጉሡን ሆኖ ተናገረ፤ መዘምራኑም መለሱለት። የእኛን ዘፈን አውጪና ተቀባይ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ እዚህ ግን አውጪው ሌላ ሰው ሆኗል። ግሪኮች ይህን ሰው ሂፖክሪቴስ አሉት፤ መላሽ ወይም ተርጓሚ እንደ ማለት ነው። መዘምራኑን ኮረስ፣ የሚጨፍሩበትን ክብ ሜዳ ኦርኬስትራ፣ ተመልካቹ የሚቀመጥበትን ቴአትሮን አሉ። በውድድር የሚቀርበው ትርኢት ራሱ ትራጎዲያ፣ የፍየል ዜማ፣ ተባለ፤ ዛሬ ትራጄዲ የምንለው ነው። ፍየሉ ሽልማት ይሁን መሥዋዕት ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም።

ፒሲስትራቶስ ሞተ፤ ልጆቹም ከሥልጣን ወረዱ፤ በ508 ክሌይስቴኔስ ሕዝቡን በ10 ነገድ ከፍሎ የዴሞክራሲውን መሠረት ጣለ። በዓሉ ቀጠለ። በአምስተኛው መቶ ዓመት መግቢያ ግድም፣ ሕዝቡ በገበያው አደባባይ ትርኢት ሲያይ የተቀመጠበት የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ትርኢቱ አክሮፖሊስ ወደተባለው የከተማዋ አምባ ደቡባዊ ቁልቁለት ተዛወረ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ኮረብታው ራሱ የተመልካች ወንበር ሆነ።

በ499 በትንሹ እስያ ዳርቻ የሚኖሩ ግሪኮች በፋርስ ላይ ዐመፁ። አቴንስ 20 መርከብ ልካ ረዳቻቸው፤ ብዙም ሳትቆይ ግን ሰዎቿን መለሰች። በ494 ፋርሶች የዐመፁን ማዕከል ሚሊጢንን ያዙ፤ አብዛኞቹን ወንዶች ገደሉ፤ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ማርከው ወሰዱ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ሐዋርያው ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች የተሰናበተባት ሚሊጢን ይህችው ናት። ፍሪኒኮስ የተባለ የአቴንስ ባለቅኔ ይህን መከራ «የሚሊጢን መያዝ» በሚል ተውኔት አቀረበው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቶስ እንደጻፈው ተመልካቹ ሁሉ በእንባ ታጠበ። ከተማዋም የገዛ መከራችንን አስታወስከን ብላ ፍሪኒኮስን 1,000 ድራክማ ቀጣችው፤ ያንንም ተውኔት ማንም ዳግመኛ እንዳያሳይ ከለከለች።

ይህ ቅጣት ለእኔ የትራጄዲ ሥርዓቶች ሁሉ ቁልፍ ይመስለኛል። አቴናውያን ሚሊጢንን ጥለዋት እንደሸሹ ያውቃሉ። ሐዘኑ በጣም ቀርቧቸው፣ ጸጸትም ተጨምሮበት፣ ዐይናቸውን ገልጠው ሊያዩት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ የመጡት ባለቅኔዎች በ80 ዓመት ውስጥ የሠሯቸውና ያሳደጓቸው ሥርዓቶች፣ ጭምብሉም፣ ኮረሱም፣ መርዶ ነጋሪውም፣ ከጥንት የተወረሰው ተረትም፣ ሰው ሊሸከመው የማይችለውን ሐዘን ሊያየው በሚችልበት ርቀት ላይ የሚያስቀምጡ ናቸው። ማንም ሊቅ አስቀድሞ አልደነገጋቸውም፤ በየዓመቱ ውድድር፣ አንዱ ከሌላው እየተማረ፣ አንድ በአንድ ተገኙ።

በ480 ፋርሶች አቴንስን ራሷን አቃጠሉ፤ በዚያው ዓመት ግን በሳላሚስ የባሕር ጦርነት ተሸነፉ። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ472 የበዓሉ ሰሞን፣ ሕዝቡ ከተቃጠሉት የአክሮፖሊስ መቅደሶች ሥር ተቀመጠ። ያን ዕለት ተውኔት ያቀረበው ኤስኪለስ በማራቶን ጦርነት ፋርሶችን የተዋጋ፣ ወንድሙንም እዚያው ያጣ ወታደር ነበር። ወጪውን የሸፈነው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበረው፣ ኋላ የአቴንስ መሪ የሆነው ፔሪክልስ ነው። ተመልካቹ የድሉን መዝሙር ጠብቆ ይሆናል። ኤስኪለስ ግን ወደ ጠላት ቤተ መንግሥት፣ የአስቴር መጽሐፍ ወደሚጠራት ወደ ሱሳ፣ ወሰደው።

«ፋርሳውያን» እስከ እኛ ዘመን ከደረሱት የግሪክ ተውኔቶች ሁሉ የቀደመው ነው። ኮረሱ የፋርስ ሽማግሌዎች ናቸው። የንጉሡ የዘርክሲስ እናት ክፉ ሕልም አይታ ትጨነቃለች። መርዶ ነጋሪው ይደርስና የሳላሚስን እልቂት፣ የሞቱትን የጦር አለቆች ስም በስም እየጠራ ይናገራል። የሟቹ አባቱ የዳርዮስ መንፈስ ከመቃብር ተነሥቶ የልጁን ትዕቢት ይወቅሳል። በመጨረሻ ዘርክሲስ ልብሱን ቀድዶ ይገባል፤ ተውኔቱም በእርሱና በሽማግሌዎቹ ሙሾ ያልቃል። የትኛውም ግሪካዊ ጀግና በስሙ አይጠራም። ቤታቸውን ያቃጠለባቸውን ሕዝብ ሐዘን አቴናውያን ተቀምጠው አዩ፤ ለኤስኪለስም አንደኛውን ሽልማት ሰጡት። ፍሪኒኮስ ስለ ወዳጅ አስለቅሶ ተቀጣ፤ ኤስኪለስ ስለ ጠላት አስለቅሶ ተሸለመ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ርቀቱ ነው።

ፈላስፋው አሪስቶትል እንደሚነግረን ሁለተኛውን ተዋናይ ያመጣው ኤስኪለስ ነው። በአንድ ተዋናይ ዘመን ሰው መነጋገር የሚችለው ከኮረሱ ጋር ብቻ ነበር። ሁለት ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ቃል ሊጥል፣ ሊያታልለው፣ ሊለምነው ቻለ። የኮረሱ ዝማሬ አጠረ፤ ንግግሩ ረዘመ። ሁለት ተዋናዮች ስቲኮሚቲያ በተባለው ሥርዓት አንድ አንድ መስመር እየተቀባበሉ እንዲከራከሩ ያስቻለውም ይኸው ነው።

በዚህ ጊዜ የበዓሉ አሠራር ጸንቷል። አርኮን የተባለው የዓመቱ ሹም ከባለቅኔዎች መካከል ሦስት ይመርጣል፤ ይህም «ኮረስ መስጠት» ይባላል። ለእያንዳንዳቸው አንድ ሀብታም ዜጋ ኮሬጎስ ሆኖ ይመደባል። ልብሱን፣ ጭምብሉን፣ የልምምዱን ወራት ወጪ የሚችለው እርሱ ነው፤ እንደ ግብር ግዴታ፣ እንደ ክብርም ይቆጠርለታል። ባለቅኔው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ዜማውንና ጭፈራውንም ይደርሳል፤ ራሱ ያሠለጥናል። በኮረሱ የሚገቡት ተራ ዜጎች ናቸው። ተዋናዮቹ ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ ንግሥቲቱም፣ ባሪያይቱም፣ አማልክቱም በጭምብል ውስጥ ያሉ ወንዶች ናቸው። እያንዳንዱ ባለቅኔ ሦስት ትራጄዲ ያሳይና፣ በመጨረሻ የፈረስ ጆሮና ጅራት ያላቸው ፍጥረታት የሚጨፍሩበት ሳቲር የተባለ አስቂኝ ተውኔት ይጨምራል። ከየነገዱ በዕጣ የወጡ 10 ዳኞች ፍርዳቸውን ይጽፋሉ፤ ከ10ሩም 5ቱ ብቻ በዕጣ ወጥተው ይቆጠራሉ። እንዲህ ያለ ዳኝነት በጉቦ ለመግዛት ይከብዳል። ከትርኢቱ በፊት የጦር አለቆች ለአማልክት ወይን ያፈሳሉ፤ አባቶቻቸው በጦርነት የሞቱባቸው፣ ከተማዋ ያሳደገቻቸው ወጣቶች የጦር ልብስ ለብሰው ይሰለፋሉ፤ በኋላ ዘመን ደግሞ ገባር ከተሞች ያስገቡት ብር በኦርኬስትራው መካከል ይታያል። ኃይሏን እንዲህ ካሳየች በኋላ ነው ከተማዋ የነገሥታትን ውድቀት ለማየት የምትቀመጠው።

በ458 ኤስኪለስ «ኦሬስቴያ»ን አቀረበ፤ ሦስቱ ክፍሎች አንድ ላይ የተረፉልን ብቸኛው ሥራ ይህ ነው። የትራጄዲ ክፍሎች ስም በአንደኛው ተውኔት በ«አጋሜምኖን» ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በንጉሡ ቤት ጣሪያ ላይ ዘበኛ ተቀምጦ ንጉሡ የዘመተባትን የትሮይን ከተማ መውደቅ የሚያበስር እሳት ይጠብቃል፤ ኮረሱ ከመግባቱ በፊት ያለው ይህ ክፍል ፕሮሎጎስ ነው። የከተማው ሽማግሌዎች በጎን መተላለፊያ እየዘመሩ ይገባሉ፤ ይህ ፓሮዶስ ነው። ከዚያ የተዋናዮቹ ንግግር ኤፔይሶዲዮን፣ በየመካከሉ ኮረሱ ቦታውን ይዞ የሚያሰማው ዝማሬ ስታሲሞን እየተባለ ይፈራረቃሉ፤ ዝማሬው ራሱ በአንድ ዜማና እርምጃ ሄዶ በዚያው ልክ ይመለሳል፤ መሄዱ ስትሮፌ፣ መመለሱ አንቲስትሮፌ ነው። ከመጨረሻው ዝማሬ በኋላ ያለው ኤክሶዶስ፣ መውጫው ነው።

ንጉሡ ከጦርነት ተመልሶ በሚስቱ ግብዣ በቀይ ምንጣፍ ላይ ተራምዶ ወደ ቤቱ ይገባል። ከኦርኬስትራው በስተኋላ ያለው ስኬኔ የተባለው ቤት፣ ተዋናዮች ልብስና ጭምብል የሚቀይሩበት ነበር፤ ኤስኪለስ ግን በሩን አስፈሪ አደረገው። ጩኸት ከውስጥ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ እንግባ፣ አንግባ እያሉ ያመነታሉ። በሩ ሲከፈት ገዳይዋ ሚስቱ ከሬሳዎቹ በላይ ቆማ ትታያለች። ሬሳን ከቤት አውጥቶ የሚያሳየው ባለመንኮራኩር ዝቅተኛ መድረክ ኤኪክሌማ ይባላል። በግሪክ ትራጄዲ ግድያ በተመልካች ፊት የሚፈጸመው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ወይ ከበር ጀርባ ይሰማል፣ ወይ መርዶ ነጋሪ ይተርከዋል። አንዳንዶች ለሃይማኖታዊ ክብር ነው ይላሉ፤ ሌሎች ተዋናይ ሬሳ ሆኖ ቢቀር ሌላ ጭምብል ሊያጠልቅ አይችልምና ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ይኖራቸዋል። የተነገረ ሞት ግን በሰሚው ልብ ውስጥ ይፈጸማል፤ ኤስኪለስ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል ደም በደም የሚመለስበትን ሰንሰለት በፍርድ ቤት ይዘጋዋል። እናቱን የገደለው የንጉሡ ልጅ ኦሬስቴስ ጳውሎስ ኋላ በሰበከበት በአርዮስፋጎስ ይዳኛል፤ ድምፁ እኩል ይከፈላል፤ ነጻ ይወጣል። ከተማዋ ከ4 ዓመት በፊት የዚህን ሸንጎ ሥልጣን ቀንሳ፣ ለውጡን የመራው ኤፊያልቴስ ተገድሎባት ነበር። ተረቱ የሩቅ ነው፤ ቁስሉ ግን የትናንት ነበር። ኤስኪለስ በ456 ግድም በሲሲሊ፣ በጌላ ከተማ ሞተ። በመቃብሩ ላይ ነው ተብሎ የሚጠቀሰው ጽሑፍ በማራቶን መዋጋቱን ያነሣል፤ ተውኔቶቹን አያነሣም።

ወጣቱ ባለቅኔ ሶፎክልስ በ468 ኤስኪለስን ቀድሞ አሸንፎት ነበር። ሦስተኛውን ተዋናይ ያመጣ፣ ኮረሱንም ከ12 ወደ 15 ያሳደገ እርሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ አልጨመረም፤ ስንት ሰው በታሪኩ ቢኖር የሚናገሩት አፎች ሦስት ናቸው፤ ጭምብል እየቀየሩ ሁሉንም ይጫወታሉ። ይህ ገደብ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ለማየት «ንጉሥ ኤዲፐስ»ን ማንበብ ይበቃል። በ430 አቴንስን ወረርሽኝ መታት፤ ተውኔቱ ጥቂት ቆይቶ እንደቀረበ ይገመታል፤ የሚከፈተውም በወረርሽኝ በምታልቅ ከተማ ነው። ንጉሡ መቅሠፍቱን ያመጣውን ነፍሰ ገዳይ ሲፈልግ ራሱን ያገኛል። ከቆሮንቶስ የመጣ መልእክተኛ ኤዲፐስን ለማስደሰት ብሎ የልጅነቱን ምሥጢር ማውጣት ይጀምራል። ዮካስታ፣ ሚስቱም እናቱም፣ ነገሩን ከሁሉ ቀድማ ትረዳለች፤ ከእንግዲህ አትጠይቅ ብላ ትለምነዋለች፤ ዝም ብላ ወደ ቤት ትገባለች። አሮጌው እረኛ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አራተኛ ተናጋሪ የለምና እርሷ ሳትወጣ እርሱ ሊናገር አይችልም። መልእክተኛው መናገር ይፈልጋል፣ እረኛው ዝም ማለት ይፈልጋል፣ ንጉሡ በመካከል ቆሞ ያስገድዳል። የሦስቱ ሰዎች ሕግ በዓለም እጅግ አስፈሪ ከሆኑት ትዕይንቶች አንዱን ሠራ። በዚያ ዓመት ዳኞቹ አንደኝነቱን ለኤስኪለስ እኅት ልጅ ለፊሎክሌስ ሰጡ።

ሦስተኛው ታላቅ ባለቅኔ ዩሪፒደስ ሁሉንም ሥርዓት ወርሶ እስከ ጫፉ ገፋው። በ431 «ሜዲያ»ን አቅርቦ ከሦስቱ ሦስተኛ ወጣ። ልጆቿን የገደለችው ሜዲያ በስኬኔው ጣሪያ ላይ፣ መካኔ በተባለው ክሬን ተነሥታ፣ በፀሐይ አምላክ ሠረገላ ታመልጣለች። ያ ክሬን ብዙውን ጊዜ የማይፈታውን ጣጣ ሊፈታ የሚመጣ አምላክ ይወርድበት ነበር፤ ዩሪፒደስ በአምላክ ፈንታ ነፍሰ ገዳይቱን አኖረበት።

በ416 አቴንስ አልገዛም ያለችውን የሜሎስን ደሴት ያዘች፤ ለአቅመ አዳም የደረሱትን ወንዶች ገደለች፤ ሴቶቹንና ልጆቹን ለባርነት ሸጠች። በተከታዩ መጋቢት ዩሪፒደስ «የትሮይ ሴቶች»ን ይዞ መጣ፤ ከተማቸው ወድቃ፣ ባሎቻቸው አልቀው፣ ለግሪክ አለቆች የሚከፋፈሉ ሴቶች። ታሪኩ እንደ ሚሊጢን ነው፤ አሁን ግን የሚሊጢንን ዕጣ ያደረሰችው አቴንስ ራሷ ናት። ማንም አልቀጣውም፤ ሁለተኛ ሽልማት ሰጡት። የትሮይ ርቀት ጠበቀው።

በዚያው ዓመት፣ በ415፣ አቴንስ ታላቅ የባሕር ኃይል ወደ ሲሲሊ አዘመተች፤ በ413 ጦሩ አለቀ። ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚተርከው ከተማረኩት አንዳንዶቹ የዩሪፒደስን ግጥም በቃላቸው ስለሚያውቁ ነጻ ወጡ፤ የሲሲሊ ሰዎች እርሱን እጅግ ይወዱ ነበርና። በ412 ያቀረበው «አንድሮሜዳ» መድረኩን በኢትዮጵያ አድርጓል፤ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ለባሕር አውሬ ከዓለት ጋር ታስራ ትታያለች። የግሪኮች «ኢትዮጵያ» ከዛሬው አገራችን ድንበር ጋር አንድ ባይሆንም ስሙ በአቴንስ መድረክ ተጠርቷል። ከተውኔቱ የቀረው ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

ዩሪፒደስ በ406 በመቄዶንያ ሞተ። ሽማግሌው ሶፎክልስ ከበዓሉ በፊት በሚደረገው ማስተዋወቂያ ላይ የሐዘን ልብስ ለብሶ፣ መዘምራኑንም ያለ አክሊል አስከትሎ ወጣ፤ ሕዝቡ አለቀሰ። ብዙም ሳይቆይ እርሱም ተከተለ። በ404 አቴንስ ለረጅም ጊዜ ስትዋጋት ለነበረችው ለስፓርታ እጅ ሰጠች።

ከ386 ጀምሮ አሮጌ ትራጄዲ በበዓሉ ላይ ዳግም መታየት ጀመረ፤ ክብሩም ከባለቅኔው ወደ ተዋናዩ ዞረ። ፖሎስ የተባለው ዝነኛ ተዋናይ የሶፎክልስን ኤሌክትራ ሲጫወት፣ የወንድሟ አመድ አለበት ብላ የምታለቅስበትን ማሰሮ በገዛ ልጁ አፅም ማሰሮ ለውጦት እንደወጣ ይነገራል። በጭምብል ሥር የራሱን ልጅ አለቀሰ፤ ተመልካቹ ግን ኤሌክትራን አየ።

አሪስቶትል «ፖየቲክስ»ን ያዘጋጀው በ335 ግድም ነው። የተወለደው ሶፎክልስ ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነውና ያየው ዳግም ሲታይና በጽሑፍ ነው። መምህሩ ፕላቶ ባለቅኔዎች ስሜትን ያናውጣሉ ብሎ ከሚያልማት ከተማ አስወጥቷቸው ነበር፤ አሪስቶትል መልስ ሰጠ። ትራጄዲ ርኅራኄንና ፍርሃትን ቀስቅሶ ካታርሲስ፣ መንጻት፣ ያደርሳል አለ። መንጻቱ እንደ ሐኪም መድኃኒት ይሁን እንደ መቅደስ ሥርዓት አሁንም ያከራክራል። ነገሩ ባልታሰበ መንገድ መገልበጡን ፔሪፔቴያ፣ ካለማወቅ ወደ ማወቅ መድረስን አናግኖሪሲስ አለ፤ ምሳሌውም ያ ሊያስደስት መጥቶ ያፈረሰው የቆሮንቶስ መልእክተኛ ነው። ጀግናው የሚወድቅበትን ሃማርቲያ አለው፤ ቃሉ በሐዲስ ኪዳን ግሪክ ኃጢአት ቢሆንም እዚህ ሳያውቁ የሚሳቱት ስሕተት ነው፤ ኤዲፐስ ክፉ ሰው ስላልሆነ ነው የምንፈራለት። በየመማሪያው እንደ አሪስቶትል ሕግ የሚጠቀሱት ሦስቱ አንድነቶች፣ የጊዜ፣ የቦታና የድርጊት፣ በሙሉ የእርሱ አይደሉም። አጥብቆ የጠየቀው የድርጊትን ብቻ ነው፤ ስለ ቦታ አልተናገረም። ሕግ ያደረጓቸው በ1570 ዓመተ ምሕረት ግድም፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ካስቴልቬትሮና መሰሎቹ የጣሊያን ተንታኞች ናቸው።

በአሪስቶትል ዘመን ሊኩርጎስ የተባለው የአቴንስ መሪ ቴአትሩን በድንጋይ አሠራ፤ የሦስቱን ባለቅኔዎች ሐውልት አቆመ፤ ጽሑፋቸውም በከተማዋ መዝገብ እንዲቀመጥ አደረገ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የግብጹ ንጉሥ ሦስተኛው ፕቶሎሚ ለእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ሊያስገለብጠው 15 የብር መክሊት አስይዞ ተዋሰው፤ ያማረ ግልባጭ መልሶ ዋናውን አስቀረ፤ መያዣውንም ተወው። ያ ዋና ጽሑፍ ጠፍቷል። ሶፎክልስ ከ120 በላይ ተውኔት ጽፎ የቀሩት 7 ናቸው፤ የኤስኪለስም 7፤ የዩሪፒደስ ከ90 ገደማ 18 ወይም 19።

እነዚህን ማንበብ የሚሻ በ«ፋርሳውያን» ይጀምር፤ አጭር ነው። ለመድረክ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ደግሞ፣ ለዛሬ ሰው ይረዝምበታል ብሎ ኮረሱን እንዳይቆርጥ፣ መርዶ ነጋሪውንም በግድያ ትዕይንት እንዳይለውጥ እለምነዋለሁ።